ወንድምን ገንዘብ ማድረግ

ሰውዬው ገንዘቡን ወስዷል። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ምክንያቱም ስለ ፍርድ የሚነገሩ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻቸው አንድ ነው። እገሌ አጠፋ ይባላል፣ ኋላ ሲጣራ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ የፈረዱበት ሁሉ ያፍራሉ። ካህኑ ዔሊ የሐናን ከንፈር ብቻ አይቶ ሰክራለች አለ፣ ለካ እየጸለየች ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ስብከትም ይወጣዋል። የእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ ልክ ነበርኩ። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ፣ 19,600 ብር ጎድሏል፣ የወሰደውም እሱ ነው። የማወራችሁ ልክ ሆኜ እንዴት እንደተሳሳትኩ ነው።

የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በ16 በየተራ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከዚያ ወሬ ነው። ሃያ ሦስት ነን። አብዛኞቻችን አንድ ሰፈር ያደግን ነን፤ ኮንዶሚኒየሙ በየአቅጣጫው ቢበትነንም ለ16 ሲሆን ከሰሚትም ከጀሞም ታክሲ ተጋፍተን እንመጣለን። በወር 200 ብር እናዋጣለን። ገና እና ፋሲካ ሲደርስ በዚያ ገንዘብ አቅም ለሌላቸው እናቶች ዘይትና ዱቄት ይገዛል። ገንዘብ ያዡ ለስድስት ዓመት አንድ ሰው ነበር። ልጅ ሆነን አብረን ውኃ የቀዳን ሰው ነው።

እኔ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለፋሲካ ምን ያህል እንዳለን ለማወቅ ደብተሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ደብተሩ ላይ የተጻፈውና ባንክ ያለው አልገናኝ አለኝ። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ስደምር ወሮቹን ለየኋቸው። ሦስተኛ ስደምር ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ በደስታ ነበር የሚመታው። አንድ ነገር ያገኘ ሰው ደስታ። ይህን ስሜት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጾሙ በማግስቱ ሰኞ ይያዛል፣ ስለዚህ ቤቱ በዶሮ ሽታ ታውዷል። የካቲት 16 ዓመታዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ ካህኑ እንደ ልማዳቸው የበላኤ ሰብእን ታሪክ አወሩልን። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ግን ሁሌም ጸጥ ብለን ነው የምንሰማው። 78 ነፍስ የበላ ሰው። አንድ ቀን መንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ ውኃ የጠማው ሰው ያገኛል። በሽተኛው በዚህም በዚያም ስም ሲለምነው አልሰማ ይላል፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ይራራና ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ሲሞት ሥራው በሚዛን ይቀመጣል። በአንዱ በኩል 78 ነፍስ፣ በአንዱ በኩል ጥርኝ ውኃ። ውኃው ደፋ። ካህኑ እዚህ ላይ ሲደርሱ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔም እልል ብያለሁ።

ከዚያ ዶሮው ቀረበ። ተበላ። እጅ ታጠበ። ቡናው እየተቆላ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችንን እንደዚያ ነው የምንለው፣ «እስቲ ሒሳቡን ደግሞ እንስማ» አሉ። ተነሣሁ። አነበብኩ። በየወሩ የተዋጣውን፣ የወጣውን፣ መኖር የነበረበትን፣ ያለውን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የመጨረሻዋን ቁጥር ስጠራ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ጽዋውን ይዞ ወለሉን ያያል። «እመልሳለሁ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ከእናቶቹ መካከል አንዷ «ሌባ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ። ተነሥቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ጠላው እንደተቀዳ ቀረ።

78 ሰው ለበላው እልል ካልንበት እስከዚያች «ሌባ» ድረስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ያኔ ግን ይህን ማናችንም አላስተዋልንም። በማግስቱ ወሬው እድሩ ጋር ደርሷል፣ በሦስተኛው ቀን የእሱ ሚስት የምትገበያይበት ሱቅ ደርሷል። ያደረስኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን ያን ማታ ለእህቴ ደውዬ ከሃያ ደቂቃ በላይ ነው ያወራሁት፣ እሷ ደግሞ ዝም የምትል ሰው አይደለችም።

አሁን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። በዚያ ሳምንት አንድ ጓደኛው ደውሎ «እህቴ፣ ወንጌል እኮ አትፍረዱ ይላል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ምክንያቱም ይህ ቃል ለማን እንደሚነገር እናውቃለን። ገንዘብ የበላ ሰው፣ ሥልጣን ያለው ሰው፣ ወፍራም ዘመድ ያለው ሰው ሲጠየቅ ቶሎ ይጠቀሳል። ሱሪ ለብሳ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የገባችን ልጅ ሰው ሁሉ ሲገላምጣት «አትፍረዱ» ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሳታገባ አርግዛ ክርስትና ልታስነሣ የመጣችዋንም እንደዚያው። ጥቅሱ ለጠንካራው ጋሻ፣ ለደካማው ደግሞ ፈጽሞ የማይታወስ ሆኗል።

ደግሞ ማቴዎስ ምዕራፍ 7ን እስከ ታች ላነበበው «አትፍረዱ» ማለት «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ማለት አይደለም። እንዲያውም ስለ ዓይን ነው የሚያወራው። በወንድምህ ዓይን ጉድፍ አለ፣ ይሄ አልተካደም። መውጣትም አለበት። ግን መጀመሪያ የራስህን ምሰሶ አውጣ፣ ከዚያ ጉድፉን ታወጣ ዘንድ «አጥርተህ ታያለህ» ነው የሚለው። ልጅ ሆናችሁ ዓይናችሁ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ እናታችሁ እንዴት ነበር የምታወጣው? የእኔ እናት ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ታስደግፈኛለች። ሽፋኑን በጣቷ ገልበጥ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ትነካዋለች፣ ከዚያ እፍ ትላለች። ትንፋሿ ይሞቃል። ከመንገድ ማዶ ሆኖ፣ ሃያ ሁለት ሰው ጠርቶ፣ ጉድፍ ያወጣ ሰው የለም። ዓይን ያጠፋ ግን ሊኖር ይችላል።

የራሴን ምሰሶ ሳልጠቅስ ላልፍ ነበር። መስክ ስንወጣ ለአምስት ቀን አበል ፈርሜ በሦስተኛው ቀን ማታ ቤቴ የተኛሁባቸው ጊዜያት አሉ። አንዴ አይደለም። «ሁሉም ያደርገዋል» እያልኩ ነው የፈረምኩት። ያንን ገንዘብ ብደምረው 19,600 ይሞላል አይሞላም አላውቅም፣ አልደመርኩትማ። የሰውን ሒሳብ ሦስት ጊዜ የደመርኩ ሴትዮ የራሴን አንድ ጊዜ እንኳ አልደመርኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ጾሙ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ስለ አበሉ አልነበረም የሄድኩት፣ እሱ ያኔ ገና አልታየኝም። ስለ ገንዘብ ያዡ ላወራቸው ነበር፣ ማለትም ትክክል ነሽ እንዲሉኝ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «የሙሴ ጸሊምን ታሪክ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ሰኔ 24 የሚታሰበው፣ በግብፅ አስቄጥስ በረሃ የኖረው መነኩሴ። «ቀድሞ ምን እንደነበረስ?» ወንበዴ። የወንበዴዎች አለቃ። ዝም አሉ። ከዚያ ራሳቸው ነገሩኝ። አንድ መነኩሴ አጥፍቶ ሊፈርዱበት ጉባኤ ተጠራ። ሙሴ እምቢ አለ፣ ሰው ሲላክበት ግን ተነሣ። ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈሳል። ምንድን ነው ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ለዚያ ወንድም ምንም ሳይሉት ተዉት።

እኔ ግን ልክ ባልሆነ ሰዓት ሒሳብ ሠራተኛነቴ ይመጣብኛል። «አባ፣ እሺ፣ ታዲያ የእናቶቹ ዘይትስ?» አልኳቸው። ሣቁ። «እሱንማ ይክፈል እንጂ! ማን አይክፈል አለ? ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ጌታም አይ ግድ የለም ተወው አላለውም።» ይህን ሲሉኝ ትንሽ ግራ ገባኝ። ምሕረት ማለት ዕዳ መሰረዝ፣ ፍርድ ማለት ደግሞ ዕዳ ማስከፈል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሁለቱን በአንድ እጃቸው ይዘዋቸው ነው የሚያወሩት።

ነገሩ የገባኝ መጋቢት 28 ነው፣ ኒቆዲሞስ በሚባለው ሰባተኛው የጾሙ እሑድ። በቅዳሴው የሚነበበው በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው የኒቆዲሞስ ታሪክ ነው፣ ዮሐንስ 3። ቤት ገብቼ ይህ ሰውዬ ሌላ የት አለ ብዬ ወንጌሉን ሳገላብጥ ምዕራፍ 7 ላይ አገኘሁት። ፈሪሳውያኑ ጌታን ሊያስይዙት ፈልገው ይናደዳሉ። ከመካከላቸው ኒቆዲሞስ «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?» ይላቸዋል። የሰጡት መልስ ደግሞ ያው ዛሬም የምንሰጠው ነው፤ «አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?» አሉት። የሰው ወገን ሆኖ አንድ ቃል የተናገረን ሰው አገሩን መጠየቅ!

እዚያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ፣ ቁጥር 24 ላይ፣ ጌታ ራሱ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ይላል። ፍረዱ ነው የሚለው! ይህን ያለው ደግሞ በሰንበት አዳንክ ብለው ስለተቆጡት ነው፣ 38 ዓመት አልጋ ላይ በኖረው በመጻጉዕ ምክንያት። ሰውዬው አልጋ ተሸክሟል፣ ቀኑ ሰንበት ነው። በመልክ ካየነው ሕግ ተጥሷል፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ግን 38 ዓመት የተኛ ሰው መቆሙን ከቁጥር ያስገባ አልነበረም። ገጹን ሳዞር ምዕራፍ 8፣ ድንጋይ የያዙት ሰዎችና በምንዝር የተያዘችው ሴትዮ። እሷም እኮ ተይዛ ነው የመጣችው። ከሳሾቿ ውሸታም አይደሉም፣ ልክ ነበሩ። ጌታም «አላደረገችውም» አላለም፤ «እኔም አልፈርድብሽም» ካለ በኋላ «ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» አላት። ያኔ ነው ራሴን እዚያ ያየሁት፣ ልክ የሆንኩ፣ ድንጋይ የያዝኩ፣ ልቤ በደስታ የሚመታ። ያ ሦስተኛ ስደምር የተሰማኝ ስሜት። እናቶቹ ዘይት ስለጎደለባቸው አዝኜ ቢሆን ኖሮ ደስ አይለኝም ነበር። ያገኘሁት ጥፋት ደስ ካሰኘኝ፣ የምፈልገው ጉድፉን ሳይሆን ዓይኑን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ማቴዎስ 18 ቁጥር 15ን አወጣሁ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ጥቅስ ነው። «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው። ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው።» ገንዘብ አደረግኸው! የእኛ ተርጓሚዎች የተጠቀሙበት ቃል ይሄ ነው። የራስህ አደረግኸው፣ አተረፍኸው ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ነው ያነበብኩት። 19,600 ብር ስፈልግ አንድ ወንድም ከሒሳቡ ወጥቷል። ደብተሩ ላይ እሱን የሚያሳይ ዓምድ የለም።

አንድ ነገር ግን ላስጠነቅቅ። ይህ ጥቅስ ለሁሉ ነገር አይሆንም። ልጅ የሚደበድብ ወይም ሴት የሚያስገድድ ሰው ሲኖር «ብቻችሁን ሆናችሁ» እያሉ በጓዳ መጨረስ ኃጢአትም ወንጀልም ነው። እሱ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚሄደው፣ ተጎጂዋን ደግሞ ብቻዋን ሄደሽ ውቀሽው ማለት ጭካኔ ነው። ሽማግሌዎች ይህን ስለሚያምታቱት ነው የምናገረው። የእኛ ነገር ግን የዘይትና የዱቄት ገንዘብ ነበር፣ የአንድ ሰፈር ልጅ ነበር፣ ስልኩ ነበረኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። ብቻዬን። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ፣ ግን «ግቢ» አለችኝ። እሱ ቴሌቪዥን እያየ ነበር፣ አላጠፋውም፣ ድምፁን ብቻ ቀነሰ። የተደበቀ በሽታ፣ ሆስፒታል የተኛ ልጅ እንዳይመስላችሁ። ቤቲንግ ነው። የእንግሊዝ ኳስ። መጀመሪያ 500 ብር ወስዶ ተወራረደ፣ አሸነፈ። መለሰው። እንደገና ወሰደ፣ ተበላ። ያንን ለመመለስ ሌላ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሚስቱ ቡና እያቀረበች ይህን ስትሰማ ሁለተኛዋ ይመስለኛል፣ አላለቀሰችም።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ሒሳቡ አይደለም፣ ስላነበብኩበት ቦታ። «መጀመሪያ ለብቻህ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለብቻዬ ብትጠይቂኝ ኖሮ እዋሽሽ ነበር» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። «ደረሰኙ ጠፍቷል እልሽ ነበር። ሁለተኛ ሰው ይዘሽ ብትመጪ ግን እኔ እንጃ።» እኔም እንጃ። ለካ ቀጣዩ ቁጥር እሱን ያውቃል፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ነው የሚለው። ጌታችን ሰው መጀመሪያ ላይ እንደሚዋሽ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ደረጃ ያወጣለት።

በወር 1,500 ሊከፍል ተስማማን። እኔ አልወሰንኩም፣ ለሙሴያችን ነገርኳቸው፣ እሳቸው ከሁለት ሰው ጋር ሄደው ጨረሱ። ገንዘብ ያዥነቱ አልተመለሰለትም፣ አይመለስለትምም። ይህ ቂም አይደለም። ጠላ ያሸነፈውን ሰው ጠላ ቤት አትቀጥረውም። አሁን ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ በየወሩም ሒሳቡ በግልጽ ይነበባል፤ ይህን ገና ከስድስት ዓመት በፊት ብናደርገው ኖሮ ያ የመጀመሪያው 500 ብር እጁ ላይ አይገባም ነበር። የፈረድንበትን ያህል ሳንጠብቀው ኖረናል። ስለ አበሉ ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ የተኛሁበትን ቀን ብቻ ነው የምፈርመው። ባልደረቦቼ «ምን ነካሽ?» ይሉኛል። የድሮውን ገና አልመለስኩም፣ እንዴት እንደሚመለስም አልገባኝም።

ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ በ16 ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል። በቴሌብር 1,500 ብር። ሚስቱ ናት የምትልከው። እስከ ጥር 16 ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል፣ 13,500 ሆኗል፣ 6,100 ይቀራል። እሱ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ገንዘቡ ይመጣል፣ ሰውዬው አይመጣም። ሙሴያችን ሁለት ጊዜ ደውለውለታል፣ «እሺ» ይላል፣ ይቀራል።

የዘንድሮው የካቲት 16 ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሰኞ ነው የሚውለው፣ ጾሙ ገብቷል፣ ስለዚህ ዶሮ የለም፤ ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ትንሽ ሱፍ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩለትና እንዲመጣ ለመንኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ማን ማን ይመጣል?» አለኝ። ስም መጥራት ጀመርኩ። እየቆጠርኩ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ያቺን «ሌባ» ያሉትን እናት ስጠራ ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ብቻ ቀረ። የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልኩት። «አለሁ» አለ። «እስቲ አያለሁ።»

እናትየዋ ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም። በዚያ ፋሲካ ዘይቱ ሳይደርሳቸው ከቀሩት ሴቶች አንዷ የእሳቸው ጎረቤት ናቸው፣ ከራሳቸው ቤት ቀንሰው ነው የሰጧቸው። ሐሙስ ከሰዓት ቤታቸው እሄዳለሁ። ምን እንደምላቸው ገና አላውቅም። ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ለእህቴም አልነገርኳትም።